የሱወይድ ቀኝ እጅ

ባስራ፣ ሸዋል 14፣ ከሂጅራ በ64ኛው ዓመት

በአላህ ስም። ከነዋር፣ የእናቴን ጡት ለተካፈለችኝ እህቴ ለቡሰይና። የአላህ ሰላም በአንቺም በአባታችንም ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ ከቴምር ነጋዴዎቹ ጋር ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ዘጠኝ ቀን ዝም በማለቴ አትቀየሚኝ። እጄ ከሰው ደም ያረፈው ገና ትናንት ነው።

የአባታችን ሳል መቀነሱ ደስ አሰኝቶኛል። ማር በሞቀ ውሃ ስጪው፤ የሐጀር ሴቶች የሚያመጡትን ቅጠል ሁሉ አታጠጪው።

ወሬው እውነት ነው ወይ ላልሽው፣ እውነት ነው። ኸሊፋው ሞተ ከተባለ ወዲህ ገዢው ሸሽቷል፤ ከተማው ጌታ የለውም። የአዝድ ጎሳ አለቃ መስጊድ ውስጥ ተገደለ፤ ገዳዮቹ የእኔ ሰዎች፣ ተሚሞች ናቸው ተባለ። አዝድና የባልሽ ወገን ረቢዓ አንድ ላይ ቆሙ፤ ተሚም ለብቻው። ከመርበድ ገበያ እስከ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ሦስት ቀን ተራረዱ። ቁስለኛ በማክምበት ግቢዬ ብቻ አርባ አንድ ሰው ተኝቶ ነበር። አንዱ አንጀቱን በጥምጣሙ ጠቅልሎ በእግሩ መጣ። ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፤ ጽዋውን ሳይመልስልኝ ሞተ።

ሱወይድ በሕይወት አለ። ስለ ባልሽ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ቤት ነው፣ ከጓዳው ጀርባ ባለው የእህል ክፍል። ክንዱ ላይ ቆስሏል፤ ይድናል። የረቢዓ ሰው ሆኖ ተሚሟ ቤት እንዳለ ለማንም አታውሪ። የሟቹ ባሌ ወንድም ዒያድ በየቀኑ ይመጣል፤ ካየው አያሳድረውም።

ለልጃችን ለቀጠን የላክሽውን ሰላምታ አድርሻለሁ።

ነዋር


ሐጀር፣ ዙልቀዕዳ 4

ከቡሰይና ለነዋር። ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። አባታችን ከአልጋው «ሞቷል ወይስ አለ?» ብሎ ጮኸ። አለ ስለው፣ «ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ያንን ሰውዬ ድሮም አሞራ የሚነካው አልመሰለኝም፤ ሥጋ የለውም» አለኝ። እሱ እየደከመ ምላሱ አልደከመም።

ግን እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሱወይድ ቀለም ካየ ሳይጽፍ የማያልፍ ሰው ነው። ለምን ሁለት ቃል በእጁ አልጨመረልኝም? የትኛው ክንዱ ነው? የቱ ጋ? አንቺ ስለ ቁስል ስትጽፊ እንደ አናጢ ለክተሽ ነው፤ ስለ እሱ ግን «ክንዱ ላይ» ብለሽ አለፍሽ።

ስለ ቀጠንም አንድ መስመር ብቻ። ሌላ ጊዜ ስለ ልጅሽ ስትጽፊ ብራናው አይበቃሽም፤ ምን እንደበላ፣ ማንን እንደሰደበ፣ የማንን ልጅ አይቶ መንገድ እንደሳተ። ወባ የጣለሽን ዓመት ረሳሽው? እኔ ልጄን ቀብሬ ጡቴ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ አንቺ እየቃዠሽ ልጅሽ በረሃብ ያለቅስ ነበር። አምስት ወር ከጭኔ አልወረደም። ወተቴ እናቱ አድርጎኛል፤ ሱወይድንም የጡት አባቱ። እንደ እናት ጠይቄሻለሁ፤ እንደ እናት መልሽልኝ።

ቡሰይና


ባስራ፣ ዙልቀዕዳ 25

እህቴ ቡሰይና፣ አላህ ልብሽን ያጽናልኝ። እንደ አናጢ ለክቼ እነግርሻለሁ።

የሱወይድ ቀኝ እጅ የለም። ከአንጓው አራት ጣት ከፍ ብዬ በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ከዚያ ጉማጁን በፈላ ዘይት ነክሬ ደሙን አቆምኩት። ቀበቶ ነክሶ ነበር፤ አልጮኸም። ትኩሳቱ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። አሁን በግራው ይበላል። ስለሚያፍር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚበላው።

ቀጠን ሞቷል።

ሸዋል አምስት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በቆዳ ፋቂዎቹ ግድግዳ ሥር። ሰይፉ በግራ አንገቱ ገብቶ እስከ ጡቱ ወርዷል። የአንድ ቤት በር ነቅለው፣ በሩ ላይ አጋድመው አመጡልኝ። ሰላምታሽን ያደረስኩት መቃብሩ ላይ ቆሜ ነው፤ አልዋሸሁሽም። አባትሽን እያስታመምሽ ሌላ ሞት እንዴት ልጨምርብሽ? ማጠብ እንኳ አቅቶኝ ሴቶቹ ወንዶቹን ጠሩ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ማን ገደለው ብለሽ አትጠይቂኝ። ዒያድ ይጠይቀኛል፣ ይበቃኛል። በየማለዳው እየመጣ ደጃፌ ላይ ሰይፉን ይስላል። «ያመጡት ሰዎች ምን አሉሽ? የማን ወገን ነው? ፈረሰኛ ነው እግረኛ?» ይለኛል። እኔም ውሃ እሰጠዋለሁ።

ነዋር


ሐጀር፣ ዙልሒጃ 16

ነዋር፣ ሰላም ለአንቺ። አባታችን በዐረፋ ዕለት አረፈ። የቀጠንን ሳልነግረው ስለሄደ አላህን አመሰግናለሁ። «ያ ጎረምሳ ሚስት አላገባም? ምን ይጠብቃል፣ ግመሎቹ እንዲመርጡለት?» ብሎኝ ነበር በመጨረሻው ሳምንት። እኔም ሊያገባ ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ወደ ቴምር ማሳው ሄጄ እስኪበቃኝ ጮህኩ። ፊቴን በጥፍሬ ቧጨርኩት። ክልክል ነው አሉኝ፤ አውቃለሁ።

ማን ነው? ስሙን ጻፊልኝ። አትጠይቂኝ ያልሽውን አልቀበልም። ባሎቻችን በሁለት ወገን ቢሆኑ እኔና አንቺ መቼ ሁለት ወገን ሆነን እናውቃለን? ልጄን የመታውን እጅ አላህ ይቁረጠው፤ ጣት በጣት ይልቀመው። ሱወይድም ይስማ። የጡት አባቱ ነው፤ አንድ እጅ ቢቀረውም ግራ እጅ ሰይፍ ይይዛል በይው። ይህን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

ቡሰይና


ባስራ፣ ሙሐረም 6፣ 65ኛው ዓመት

አላህ ለአባታችን ይዘንለት፤ እኔንም አንገቱ ላይ አዝሎኝ ያውቃል።

እንዳልሽኝ ለሱወይድ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስጨርስ «እንደገና አንብቢው» አለኝ። እንደገና አነበብኩት። «ሐጀር የሚሄድ ቅፍለት መቼ ነው የሚነሳው?» አለ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይደርስልሻል። በገዛ አፉ ሊነግርሽ የሚገባው ነገር አለ፤ ከእኔ እንዳትሰሚው ለምኖኛል፣ እሺ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልስ አልጻፍኩም፤ ለዚህም ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ሌላ ክፉ ወሬ አለኝ። ባለፈው አርብ ዒያድ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ሆኖ ገባ።

«ጨርሻለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የቀጠንን ገዳይ። ሹመይል፣ ጨርቅ አቅላሚው፣ የረቢዓው። ያን ዕለት በግድግዳው በኩል ሲሮጥ ታይቷል። ልብሱ በሙሉ ደም ነበር።»

«ዒያድ፣ ሹመይል የሚያቀልመው ቀይ ነው» አልኩት።

«እና?» አለኝ።

በገዛ ደጁ፣ ሚስቱ ረይጣ እያየች፣ በቀለም ጋኑ ውስጥ ደፍቆ ይዞ ገደለው። እየነገረኝ ውሃ ጠየቀኝ፤ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ አልለቀቀለትም። ሱወይድ ከግድግዳው ማዶ፣ ከእኛ አራት ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ ይሰማ ነበር።

እሱን ስታዪው ከመናገርሽ በፊት ውሃ ስጪው።

ነዋር


ሐጀር፣ ሙሐረም 28

ነዋር፣

ደረሰ። ደጃፉ ላይ አፈር ውስጥ ተቀመጠ። ግባ ብለው፣ «መጀመሪያ ስሚኝ፤ ከዚያም ግባ ካልሽኝ እገባለሁ» አለ። ውሃ ሰጠሁት። አልጠጣም።

«ፊቱ ተሸፍኖ ነበር» አለኝ። «የሁላችንም ፊት በጥምጣም ተሸፍኖ ነበር። ከግድግዳው ጥግ ወጣብኝና እጄን መታኝ፤ መለስኩለት። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ሲወድቅ አላየሁትም፣ ደሜን ይዤ ሮጥኩ። የነዋር ቤት ቅርብ ነበር። እጄን አስራልኝ ስትጨርስ በር ላይ አጋድመው አንዱን አመጡ። ጥምጣሙን ስትፈታው በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት።»

እሱ ጨረሰ፣ እኔ ገና አልገባኝም ነበር። «ማን ነበር?» አልኩት። «ቡሰይና፣ ስሙን አታስጠሪኝ» አለኝ።

ገብስ እየወቀጥኩ ነበር። በዘነዘናው ትከሻውን መታሁት። ከዚያ ጎድኑን። አጥንቱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ፣ አላቆምኩም። አልሸሸም፤ ክንዱን እንኳ አላነሳም። የአጎቴ ልጆች ናቸው ጎትተው ያላቀቁኝ፤ ያለዚያ እገድለው ነበር። አሁን በአባታችን ጎተራ ይተኛል። ዳቦውን ደጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ዘወር ስል ይወስዳል።

አንቺ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሽ ደበቅሽው። ሦስት ወር አበላሽው። ቅድስት ነሽ ብዬ ነበር፣ እስከ ትናንት። ትናንት ጨርቁን ሲቀይር ጉማጁን አየሁትና ጠየቅሁት።

«እጅህ ሞቶ ነበር?»

«ነዋር ናት የምታውቀው።»

«እሷን አልጠየቅሁም። ጣቶችህ ይንቀሳቀሱ ነበር?»

ተነስቶ ወደ ማሳው ሄደ። አላህን ምስክር አድርጌ እጠይቅሻለሁ፤ ያ እጅ ሊድን ይችል ነበር?

ቡሰይና


ባስራ፣ የሰፈር ወር 17

ይችል ነበር።

ሰላምታ ያልጻፍኩት ይህን ካነበብሽ በኋላ ሰላምታዬን ትፈልጊው እንደሆነ ስለማላውቅ ነው።

የቀጠን ሰይፍ ሥጋውን ከፍቶ አጥንቱን ጭሮ ነበር ያለፈው። አጥቤ አሰርኩት፤ ደሙ ቆመ። በአርባ ቀን የሚድን ቁስል ነበር። ከዚያ ቀጠንን አመጡት። ያመጡት ተሚሞች ስለነበሩ በሱወይድ ላይ መጋረጃ ጣልኩበት። ሲሄዱ ገልጦ ወጣ።

«ነዋር፣ እኔ ነኝ» አለ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት። ቁስሉ የተፈታበት መሰለኝ።

«የመታሁት እኔ ነኝ።»

ምድጃው ላይ ለሌላ ሰው ያፈላሁት ዘይት ነበር። መጋዙም እዚያው። «ቁጭ በል» አልኩት፤ ቁጭ አለ። ማሰሪያውን ፈታሁት። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ» አልኩት። አምስቱንም አንቀሳቀሰ።

«ይህ እጅ በስብሷል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጣቶቹን አየ። «በስብሷል» አለ። ቀበቶውን ራሱ ፈትቶ ነከሰው፤ እጁን ራሱ መቁረጫው ግንድ ላይ ዘረጋው።

ለሌላ ሰው በአሥር ሳብታ የምጨርሰውን አጥንት ቀስ ብዬ ቆረጥኩት። ልጃችን በክንድ ርቀት በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። አንገቱንም መቁረጥ እችል ነበር፤ የአንቺ ባል ስለሆነ ተውኩት። እጁ ሲወድቅ ደስ አለኝ፣ ቡሰይና። ሰው ስቆርጥ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ከትኩሳቱ ጋር ታግዬ አዳንኩት፤ ለምን እንዳዳንኩት ዛሬም አልገባኝም።

ሕጉ እጅ በእጅ ነው። ሱወይድ ቀኝ እጄን የመጠየቅ መብት አለው። ጠይቁኝ፤ አልከራከርም።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ ለእሱም አንብቢለት። የሹመይል ወንድሞች ዒያድን እንገድላለን እያሉ ነው። ዒያድ «ገዳይ ነው የገደልኩት» እያለ ሰው ሰብስቧል። ትናንት በአቅላሚዎቹ ሰፈር ሁለት ቤት ተቃጥሏል፤ አንዲት አሮጊት ከነአልጋዋ። እውነቱን የምናውቅ ሦስት ነን፤ ሦስታችንም ዝም ብለናል።

ነዋር


ሐጀር፣ ረቢዑል አወል 8

ነዋር፣

ጎተራው ደጃፍ ቆሜ አነበብኩለት። ስለ እጁ ሳነብ ጉማጁን በእጅጌው ሸፈነ። ስለ አሮጊቷ ሳነብ ጭንቅላቱን ያዘ።

«እጇን አልጠይቅም» አለ በመጨረሻ። «ቀደም ብዬ ወጥቼ እኔ ነኝ ብል ኖሮ አቅላሚው ዛሬ ጨርቁን ያሰጣ ነበር። ልሂድ።»

ጎድኑ ገና አልጠገነም፤ ሲተነፍስ ይሰማል። እንደሚገድሉት ያውቃል። ሂድ አላልኩትም፤ ቅርም አላልኩትም። ለመንገድ ዳቦ ጋገርኩለት፣ ጎድኑንም በጨርቅ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩለት። ሃያ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ሳንነጋገር የተለያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ አንቺ ምን እንደማስብ አልጽፍም። ገና አላሰብኩትም።

ቡሰይና


ባስራ፣ ረቢዑስ ሳኒ 5

ቡሰይና፣ ሰላም ለአንቺ፣ ብትቀበይኝም ባትቀበይኝም።

ሱወይድ በሕይወት አለ። በዚህኛውስ አስቀድሜ ጻፍኩት።

የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ከመስጊዱ ውጭ ባለው ሜዳ ተሰበሰቡ። ሰው ሁሉ ሰይፉን ታጥቆ ነበር የመጣው። ሱወይድ መሃል ገብቶ ጉማጁን ወደ ላይ አነሳ። «ቀጠንን የገደልኩት እኔ ነኝ። አቅላሚው ሰይፍ ይዞ አያውቅም» አለ። ዒያድ ሳቀ። «አሁን ደግሞ የሞተውን አቅላሚ ንጹሕ ለማድረግ ቆራጣ ተከራዩ» አለ።

ያኔ እኔ ገባሁ። ሴት መሆኔን አይተው መንገድ ሰጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የዘይቱን፣ የጣቶቹን፣ የደስታዬን። «የልጄን ደም ከዚህ ሰው እጅ ወስጃለሁ። ከዚያ በላይ የምጠይቀው የለኝም» አልኩ። ከደም ባለቤቶች አንዱ ይቅር ካለ ግድያ ይቀራል፤ ስለዚህ ሱወይድን ለቀቁት። እጄንም ዘረጋሁላቸው። ባለ መብቱ ሱወይድ «አልፈልግም» አለ።

የዒያድ ግን ሌላ ነው። ረይጣን ይቅር ትል እንደሆነ ጠየቋት። «እግሮቹ ከጋኑ ውጭ ሲራገጡ አይቻለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ዒያድ ወደ እኔ ዞረ። «ደጃፍሽ ላይ ሰይፍ ስስል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ውሃ ስትሰጪኝ?»

«አውቅ ነበር።»

ጥምጣሙን አውልቆ ተንበረከከ። የሹመይል ታናሽ ወንድም ነው የመታው፤ እሱም አቅላሚ ነው፣ ሰይፍ አልለመደም። ሦስት ጊዜ መታው። ሁለተኛው ላይ ዒያድ ገና ይተነፍስ ነበር፤ «በል እንጂ» ሲለው ሰማሁት። ጭንቅላቱን ከአፈር ያነሳሁት እኔ ነኝ። የልጄ አጎት ነው፤ ለልጄ ብሎ ነው የሞተው፤ እኔ ነኝ የገደልኩት።

ቀንደኞቹ ሰይፋቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት አልተቃጠለም። ሱወይድ በማግስቱ ረይጣ ግቢ ሄዶ በአንድ እጁ ጨርቅ ከጋን እያወጣ መጭመቅ ጀመረ። መጭመቅ ለአንድ እጅ አይሆንም፤ በጉልበቱ ይዞ ያጣምመዋል። ረይጣ አላባረረችውም፤ አላናገረችውም።

ወደ እኔ የሚመጣ ቁስለኛ የለም። ጎረቤቴ የጣቷ ጫፍ ተሰንጥቆ እያየኋት በሌላ መንገድ ዞራ ሄደች። አልፈርድባትም።

ነዋር


ሐጀር፣ ረቢዑስ ሳኒ 26

ነዋር፣ ሰላም ለአንቺ።

ከሚቀጥለው ቅፍለት ጋር እመጣለሁ። የአባታችንን ማሳ ለአጎቴ ልጆች ትቼላቸዋለሁ። ወደ ሱወይድ አይደለም የምመጣው፤ እሱ ያገኘውን ሥራ ይሥራ፣ አንድ ቀን ስንገናኝ የምንባባለውን እንባባላለን። ወደ አንቺ ቤት ነው።

በሩ ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝ። አንገቴ ላይ አትጠምጠሚ። ምግብ አታዘጋጂ። መጀመሪያ ቀጠን ያለበትን በጣትሽ አሳዪኝና ራቅ ብለሽ ቁሚ። እስክጠራሽ ድረስ አትቅረቢ። ላልጠራሽም እችላለሁ።

ይቅር አላልኩሽም። በየቀኑ ልልሽ እሞክራለሁ፣ መጋዙ ይመጣብኛል። ከዚያ ዒያድ ይመጣብኛል፣ ውሃውን ይዞ። ግን የመጀመሪያ ጥርሱን ባበቀለ ቀን ጡቴን ነክሶኝ ስጮህ፣ አንቺ ወባሽ ውስጥ ሆነሽ «በይ ቻይው፣ የእኔ ልጅ ነው» ብለሽ የሳቅሽውን የሚያስታውስ ከአንቺ በቀር ሰው አልቀረኝም።

ቡሰይና